«ሞተርና ቀለም በጥቅል»፦ አሮጌ ፒክአፕ ያላችሁ፣ ግማሽ ክፍያውን ከመስጠታችሁ በፊት

ግብዣው በየጋራዡ ይሰማል፦ «ሞተሩን ኦቨርሆል አድርገን፣ ቦዲውን ስቱኮ መትተን፣ ቀለም ቀብተን አዲስ አስመስለን እናስረክብሃለን። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ስትረከብ።» ኦቨርሆል ማለት ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ፈትቶ ማደስ ነው። ጥቅሉ የሚቀርበውም ብዙውን ጊዜ 2ኤል፣ 3ኤል ወይም 5ኤል የሚባለው የናፍጣ ሞተር ያለው የቆየ ሂሉክስ ለያዘ ሰው ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ ወዲህ ያገለገለ መኪና ማስገባት እሳት ስለሆነ፣ ብዙው ሰው ያለውን እያደሰ መንዳት ግድ ሆኖበታል። ጥቅሉም የሚሸጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ኪሱ ለጠበበ ባለ ፒክአፕ ግን ከዚህ የከፋ ስምምነት ማግኘት ይቸግራል፤ ገንዘቡ ዓይን የሚያየው ነገር ላይ ያልቅና ፍሬኑና መሪው እንደነበሩ ይቀራሉ።

የጥቅሉን ዝርዝር በወረቀት ጠይቁና አንብቡት። ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ ስቱኮ፣ ቀለም፣ ምናልባት የወንበር ልብስ ይኖርበታል። የፍሬን ሸራ፣ ቴስቲና (የመሪው ዘንግ መገጣጠሚያ)፣ ጎማ፣ የራዲያተር ክዳን የሚል መስመር ከሌለበት ወረቀቱን መልሱላቸው። ጉልበት ያገኘ ሞተር ባረጀ ፍሬን ላይ ሲጫን መኪናው ከበፊቱ የባሰ አደገኛ ነው የሚሆነው።

ማሳመኛቸው ሁልጊዜ ጭስ ነው። ሞተሩን አስነስተው ነዳጅ ረገጥ ያደርጉና «አየኸው? ሞተሩ አልቋል» ይላሉ። የጭሱን ቀለም ሳትለዩ አትመኑ። ጥቁር ጭስ ማለት ለሚረጨው ናፍጣ የሚበቃ አየር የለም ማለት ነው፤ የታፈነ የአየር ፊልትሮ፣ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ወይም ከልክ በላይ የተከፈተ የናፍጣ ፖምፓ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ የሚረሳ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፖምፓው ለቆላ የተስተካከለ፣ አየር የሚገፋለት ተርቦ የሌለው ሞተር የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ ቢያጨስ አያስደንቅም፤ ፊልትሮ መቀየርና ፖምፓውን ማስተካከል ይበቃው ይሆናል። ሰማያዊ ጭስ ግን ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል፤ ይህ የፋሻ ወይም የቫልቭ ጎማ ጉዳይ ነው። ነጭ ጭስ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ታይቶ ሲሞቅ ከጠፋ መጀመሪያ ካንዴላውን (ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ሲሊንደሩን የሚያሞቀውን) እዩ። ሞተሩ ሞቆም ነጩ ጭስ ከቀጠለ፣ የራዲያተሩም ውሃ እየጎደለ ከሆነ፣ ያኔ ስለ ቴስታታ (ስለ ሞተሩ የላይኛው ክዳን) መነጋገር ይቻላል።

ክርክሩን የሚቆርጠው የኮምፕረሽን ልኬት፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት ልኬት ነው። ሞተሩ ይሞቃል፣ አራቱም ካንዴላዎች ይወጣሉ፣ ፖምፓው ላይ ያለው የናፍጣ መዝጊያ ሽቦ ይነቀላል፣ ከዚያ ሲሊንደሮቹ በናፍጣ ሞተር መለኪያ አንድ በአንድ ይለካሉ። የቤንዚን ሞተር መለኪያ ይህን ግፊት አይችልም። ባትሪው ሙሉ መሆን አለበት፤ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ተጎትቶ ካዞረ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፣ ጤነኛውም ሞተር የታመመ ይመስላል። ፋብሪካው ለእነዚህ ሞተሮች ያስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ በካሬ ሴንቲሜትር 20 ኪሎ ነው፤ በሲሊንደሮች መካከል የሚፈቀደው ልዩነት ደግሞ 5። ደጋ ላይ ጤነኛው ሞተርም ዝቅ ብሎ ስለሚነበብ፣ ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱን አጥብቃችሁ እዩ። 23፣ 24፣ 23፣ 23 የሚያነብ ሞተር ኦቨርሆል አይፈልግም። 24፣ 14፣ 15፣ 24 ካነበበ ጎን ለጎን ያሉት ሁለቱ መሃል ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ቴስታታ አንስቶ የሚያልቅ ሥራ እንጂ ሙሉ ኦቨርሆል አይደለም። ልኬቱን ሳያደርግ «ሞተሩ አልቋል» የሚል ጋራዥ ሥራ እየፈለገ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ገንዘቡ የት ይግባ? መጀመሪያ የኋላ ታምቡር ውስጥ፣ ማለትም የኋላ ፍሬን ሸራዎቹን በሚሸፍነው ክብ ብረት ውስጥ። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፉ፣ የእጅ ፍሬኑን ፍቱ፣ ጎማውን አውርዱ። ታምቡሩ እንቢ ካለ በመዶሻ አትደብድቡት፤ ፊቱ ላይ ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ፣ ባለ 8 ሚሊሜትር ቡሎን አስገብታችሁ እያፈራረቃችሁ ስታጠብቁ ራሱ ይገፋል። የሸራው ውፍረት 1 ሚሊሜትር ከደረሰ በፋብሪካው ልክም አልቋል፤ ጭነት ለሚይዝ መኪና ግን 2 ሲደርስ መቀየር ይሻላል። ከዚያ ሸራዎቹን የሚገፋውን ትንሽ ሲሊንደር የአቧራ ጎማ በካቻቪቴ ገለጥ አድርጉ። ውስጡ ርሶ ከታየ የፍሬን ዘይት እያፈሰሰ ነው። ሸራው ላይ ያለው ቅባት ወፍራምና ክፉ የሚሸት ከሆነ ግን ጥፋቱ የፍሬኑ ሳይሆን ከዲፈረንሻል ዘይት የሚያሳልፈው የአክሱሉ ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃ ጎማ) ነው። ሁለቱን ሳይለዩ ሸራ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፤ በወሩ መልሶ ይርሳል። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም። የሚቀየረውም በሁለቱም ጎን ነው፣ አለዚያ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ታምቡሩን ቶርኖ ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት ራሱ ብረቱ ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ስፋት አንብቡ፤ ከዚያ ያለፈ ታምቡር መላጨት የለበትም።

አሁን ብዙ መካኒክ የሚዘለውን ነገር እዩ። ብዙ ሂሉክስ ላይ ከኋላ አክሱል ተነስቶ ቴላዮው (የመኪናው አጽም) ላይ ካለ ቫልቭ ጋር የሚገናኝ ቀጭን ዘንግ አለ። ጭነት ሲጫን ቴላዮው ዝቅ ይላል፣ ዘንጉ ቫልቩን ይገፋል፣ ቫልቩም ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል። ባለቤቱ ጭነት ለማብዛት ባሌስትራው (ጭነት የሚሸከመው ቅጠል ስፕሪንግ) ላይ ተጨማሪ ቅጠል ካስገባ ግን የመኪናው ጀርባ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ቫልቩ 10 ኩንታል ተጭኖም «ባዶ ነው» ብሎ ያስባል። ያኔ ፊት ያለው ፍሬን ብቻውን ይሠራል፣ ይግላል፣ ቁልቁለት ላይ ይከዳል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የፊት ሸራ በየጥቂት ወሩ ያልቃል፣ የኋላው አዲስ እንደሆነ ይኖራል። መፍትሔው የዘንጉን ቁመት ለአዲሱ ከፍታ ማስተካከልና የዛገውን መገጣጠሚያ ማላቀቅ ነው። የሚጠይቀው የእጅ ዋጋ እንጂ ዕቃ አይደለም። በሽቦ ታስሮ ወደ ላይ የተሰቀለ ዘንግ ካያችሁ፣ ባዶ ስትነዱ የኋላ ጎማ ቶሎ ይቆለፋልና ዝናብ ላይ ያዞራችኋል።

ፔዳሉን ለመፈተሽ ጋራዥ አያስፈልግም። ሞተሩን አጥፍታችሁ ደጋግማችሁ ርገጡ፣ ከዚያ አጥብቃችሁ ለ1 ደቂቃ ያዙት። ቀስ እያለ ከሰመጠ ወይ የሚያፈስ ቦታ አለ፣ ወይ የማስተሩ (ፔዳሉ የሚገፋው ዋና የፍሬን ሲሊንደር) የውስጥ ጎማ አልቋል። እግራችሁን ሳታነሱ ሞተሩን አስነሱ፤ ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት፣ ካላለ የፍሬን አጋዡ አየር አይስብም። የፍሬን ዘይቱ ዕድሜ ካልታወቀ በሙሉ ይቀየር። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውሃ ሲገባበት ግን ወደ 140 ይወርዳል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ የተጫነ ፒክአፕ ይህን ሙቀት ያገኘዋል። ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ ወለል ይነካል።

መሪው ቀጥሎ ይመጣል። በክሪክ አንዱን የፊት ጎማ አንሱ፣ ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙ፤ ከተንቀሳቀሰ የጎማው ኩሽኔታ ወይም የመገጣጠሚያው ኳስ ነው። ሌላ ሰው ፍሬን ረግጦ ይዞ ንቅናቄው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፣ ካልጠፋ ኳሱ። ግራና ቀኝ ይዛችሁ ስትወዘውዙ ከተንኳኳ ቴስቲና ነው። ቴስቲናና የመገጣጠሚያ ኳስ ያገለገለ አይገዛም፣ በቃ። ጎማ ላይ የጥርሱን ጥልቀት ብቻ አትዩ፤ ጎኑ ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ፣ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። «አዲስ» ተብሎ የሚሸጥ፣ መጋዘን ውስጥ 7 ዓመት የከረመ ጎማ አለ።

ሦስተኛው ማቀዝቀዣው ነው፤ ለሞተሩ ኦቨርሆል ከማሰብ በፊት ሞተሩን ከኦቨርሆል የሚያድነው ይህ ነውና። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተሩ የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። ስፕሪንጉ የደከመ፣ ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን ግፊት አይዝም፤ ሞተሩ በተለመደው የሥራ ሙቀቱ ላይ እያለ ውሃው ይፈላና ቴስታታው ይሰነጠቃል። ክዳን የመኪናው ርካሽ ዕቃ ነው፣ ቴስታታ ደግሞ ከውዶቹ አንዱ። «ተርሞስታቱን አውጥተነዋል፣ አሁን አይሞቅም» ካሏችሁ መልሰው ይግጠሙት፤ ያለ እሱ ሞተሩ ደጋ ላይ ሳይሞቅ ይውላል፣ ናፍጣ ይበላል፣ ፋሻም ያልቃል። የቧንቧ ውሃ ብቻ አትሙሉ፤ ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ ይሁን።

ከዚያ የታይሚንግ ቺንጋ፣ የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያቀናጀው ቀበቶ። መደበኛው ልክ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ በእነዚህ ሞተሮች ላይ ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ያኔ ኦቨርሆሉ ምርጫ አይሆንም። መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የቺንጋ መብራት መጥፋቱ ማስረጃ አይደለም፤ መብራቱን ቺንጋ ሳይቀይሩም ማጥፋት ይቻላል። ሲቀየር መወጠሪያው ኩሽኔታና የፊት ፓራኦሊዮዎች አብረው ይቀየሩ፤ የእጅ ዋጋው ያው አንድ ነው።

ቀለም፣ ኤሲ፣ የወንበር ልብስ፣ የተሰነጠቀ ዳሽቦርድ፣ መሬት ላይ ጠብታ የማያደርስ የዘይት ላብ ሁሉ ይጠብቃሉ። ከቦዲው ውስጥ መጠበቅ የሌለበት ቴላዮው ብቻ ነው። የኋላ ባሌስትራ የሚንጠለጠልበትን ጆሮ አካባቢ በሽቦ ብሩሽ ጠርጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ፤ ጥቅሉ ቴላዮ ላይ የሚያርከፈክፈው ጥቁር ቀለም ይህን ስንጥቅ ነው የሚሸፍነው።

ዕቃ ስትገዙ፣ ሶማሌ ተራም ሆነ መርካቶ፣ ገንዘብ የሚቆጠበው ዲናሞ፣ ሞተሪኖ፣ በር፣ መስታወትና መብራት ላይ ነው፤ እነዚህ ያገለገሉም ቢሆኑ ተፈትሸው ይገዛሉ። ጎማነት ያለው ነገር፣ ሸራና ቺንጋ ግን አዲስ ይሁን።

ልኬቱ በእርግጥ ኦቨርሆል ካለ፣ ሥራው ለብቻው ይዋዋል፣ ቀለም አይቀላቀልበት። ወረቀቱ ላይ ሲሊንደሩ ተለክቶ ስንት እንደሆነ ይጻፍ፤ የ5ኤል መነሻ 99.5 ሚሊሜትር ነው፣ የ3ኤል 96፣ የ2ኤል 92። ፒስተኑ ስታንዳርድ ይሁን ወይስ 0.50 ከፍ ያለ፣ የክራንኩ ኩሽኔታ ስንት ቁጥር እንደሆነ ይጻፍ። ሲሊንደሩን ሳይለኩ ፋሻ ብቻ ቀይረው «ኦቨርሆል» የሚሉት ሥራ ብዙ ሳይቆይ ዘይት መብላት ይጀምራል፤ ሞላላ የሆነ ሲሊንደር ውስጥ ክብ ፋሻ አይዘጋም። ክፍያው ግማሽ በግማሽ ሳይሆን በደረጃ ይሁን፦ ሞተሩ ተፈትቶ ልኬቱን ስታዩ፣ ዕቃው ተገዝቶ በሳጥኑ ስታዩት፣ ሞተሩ ተነስቶ ኮምፕረሽኑ በፊታችሁ ሲለካ። የወጡትን አሮጌ ዕቃዎች ተቀበሉ። ደረሰኝም ጠይቁ፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴውን ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድደዋል፣ ያለ እሱ ለቅሬታ የምትይዙት ነገር የለም።

መኪናውን ከማስረከባችሁ በፊት ደግሞ ኪሎ ሜትሩን፣ የናፍጣውን መጠንና ብሎኩ ላይ የተመታውን የሞተር ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱ። አንዳንድ ጥቅል «ኦቨርሆል» ብሎ ሌላ ያገለገለ ሞተር ገጥሞ ይመልሳል፤ ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ካልገጠመ ችግሩ የሚፈነዳው ለቦሎ ምርመራ ስትቀርቡ ወይም መኪናውን ስትሸጡ ነው።