ድርሰት ማስጠናትን አስጽፈው ላስተማሩኝ መምህር

ይህን የምጽፈው ልጆችን ድርሰት ለሚያስጠኑና ለማስጠናት ላሰቡ ሁሉ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን አራት ኪሎ አካባቢ በሳሎናቸው ለሚያስተምሩን ጡረተኛ የአማርኛ መምህር ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጠራ ስላስጠነቀቁኝ «ጋሼ» ብዬ አልፋለሁ።

እሳቸውን ከማግኘቴ በፊት ብዙ ደጅ ጠንቻለሁ። «የአስጠኚዎች ሥልጠና» በሚል ማስታወቂያ ተስቤ 3000 ብር የከፈልኩበት ቦታ ሁለት ቀን ሙሉ ስላይድ ሲያሳዩን ውለው፣ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ የሚሉትን በልጅነታችን የተማርናቸውን ቃላት አስደግመው፣ የምስክር ወረቀት አስይዘው ሸኙን፤ አንዳችንም አንድ አንቀጽ አልጻፍንም። ሌላ ቦታ ደግሞ በቀይ የሚሰመርባቸውን ስሕተቶች ዝርዝር ሰጡኝ፤ በዚያው ስሠራ ከርሜ አንዲት ተማሪዬ ደብተሯን ከእኔ መደበቅ ጀመረች። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጋሼ ዘንድ በሄድኩበት ቀን የማስተማሪያ ዘዴ ሊነግሩኝ ነው ብዬ ደብተሬን ስዘረጋ፣ «ልጄ፣ ለተማሪዎችሽ በመጨረሻ ያዘዝሽውን ድርሰት ራስሽ ጽፈሽ ነይ» አሉኝ። ያዘዝኩት «እናቴ» የሚል ነበር። ልጆቹን «በ40 ደቂቃ ጨርሱ» እያልኩ የኖርኩት ሰው እስከ እኩለ ሌሊት ተቀምጬ ሦስት መስመር አልሞላልኝም። በኋላ ይዤ የሄድኩት ገጽ «ደግ ናት፣ ታታሪ ናት» በሚሉ ቃላት የታጨቀ ሲሆን፣ እንጀራ እየጋገረች ያሳደገችን እናቴ የትምህርት ቤት ክፍያ ስትሰጠኝ ሊጥ የነካ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ብሩን አንድ በአንድ ትቆጥር እንደነበር መካከል ላይ ጣል አድርጌ ነበር። ጋሼ ጮክ ብለው እያነበቡ እዚያ ሲደርሱ ዝም አሉ። ከዚያም ከሥሩ በእርሳስ ቀለል አድርገው አሰመሩና «ብሩ እርጥብ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ፣ እርጥብ ነበር፤ እኔም በጉያዬ አድርቄው ነበር ለጸሐፊዋ የምሰጣት። ይህን ለስንት ዓመት ረስቼው እንደኖርኩ እንጃ። የፊደል ግድፈቶቼን ያን ቀን አልነኳቸውም።

በየሳምንቱ የሚያዙንን ሥራ እሳቸውም ከእኛ እኩል ጽፈው፣ ስርዝ ድልዝ የበዛበትን ደብተራቸውን ፊታችን ዘርግተው «እስቲ እናንተ ጠይቁኝ» ይላሉ። መጠየቅን የተማርኩት ከዚህ ነው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ስለነበሩ ነገሩ ለእሳቸው አዲስ አይደለም፤ እዚያ ተማሪው ከአጭሯ ቅኔ፣ ከሁለት ቤቷ (ከሁለት ስንኟ) ጉባኤ ቃና ጀምሮ ራሱ ቅኔ ቆጥሮ፣ ማለትም ደርሶ፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፤ ሳይቆጥር መምህር የሆነ የለም። ስለ ሐረግ አሰካክ ካስረዱን ግማሹ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልገባኝም።

አሁን ለልጆቹ ከማዘዜ በፊት እጽፋለሁ፤ የእኔንም አስቀድሜ አነብላቸዋለሁ። ያቺ ተማሪዬ ባለፈው ሳምንት ደብተሯን ራሷ ከፍታ ሰጠችኝ።

እባካችሁ፣ ድርሰት የምታስጠኑ ሁሉ ወደ እሳቸው ሂዱ፤ ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱ። የሚቀበሉት ስድስት ሰው ብቻ ስለሆነ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አገናኛችኋለሁ። የሚያስተምሩት ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ደብተርና እርሳስ ያዙ። የምስክር ወረቀት አይሰጡም።