11 ዓመት ቆይቼ አገር ቤት ገባሁ፦ የሰራልኝና ያልሰራልኝ

ጥር 2017 ላይ ለአንድ ወር አዲስ አበባ ነበርኩ፣ መሃል ላይ ድሬዳዋና ሐረርም ደርሼ መጥቻለሁ። ከዛ በፊት የሄድኩት በ2006 ነው። አገሬ ነው ምኑን አጠናለሁ ብዬ ምንም ሳላነብ ነው ትኬት የቆረጥኩት፣ ቶኪዮ የምሄድ ቢሆን ሶስት ሳምንት ዩቲዩብ ላይ አድር ነበር። የያዝኩት ግን የአሜሪካ ፓስፖርት ነው፣ በወረቀት የውጭ ዜጋ ነኝ፣ ይሄን ነገር ጭንቅላቴ የተቀበለው ቦሌ ከደረስኩ በኋላ ነው። ስለዚህ የተጠቀምኩባቸውን ነገሮች እንዳገኘኋቸው ልንገራችሁ፣ ለሚሄድ ሰው ይጠቅማል።

ከቪዛ ልጀምር። ኦንላይን ነው የሚወጣው፣ ትክክለኛው አድራሻ ኢቪዛ ነጥብ ጎቭ ነጥብ ኢቲ ነው፣ መጨረሻው ላይ ጎቭ ነጥብ ኢቲ ካላያችሁ ዝጉት። እኔ ጎግል ላይ ቀድሞ የመጣልኝን ከፍቼ ፎርሙን በሙሉ ሞልቼ ካርዴን ልከፍል ስል ነው ዋጋው ያስደነገጠኝ፣ ለካ ደላላ ነው፣ ኮሚሽኑን ጨምሮ እዛው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ገብቶ የሚሞላልኝ። ሌላው የምትገቡበትን ቀን ስትሞሉ ተጠንቀቁ፣ ቪዛው መቁጠር የሚጀምረው ከሞላችሁት ቀን ነው፣ "ለማንኛውም" ብላችሁ ሳምንት ካስቀደማችሁ ሳምንቱ ተበላ ማለት ነው፣ ካለፈባችሁ ደግሞ በቀን የሚታሰብ ቅጣት አለ። ፕሪንት አድርጉት፣ የስልክ ባትሪ አያምኑም።

እህቴ ቢጫ ካርድ አላት፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የሚባለው፣ በ1994 በወጣው አዋጅ የመጣ ነው። ያለ ቪዛ ትገባለች፣ ብትፈልግ ያለ ሥራ ፈቃድ ትሰራለች፣ መምረጥና መመረጥ፣ መከላከያ፣ ደህንነትና ውጭ ጉዳይ ውስጥ መቀጠር ብቻ ነው የማትችለው፣ አገራችን ድርብ ዜግነት ስለማትፈቅድ ከዜግነት ቀጥሎ ያለው ትልቁ ነገር እሱ ነው። በየሁለት ዓመቱ የምትሄዱ ከሆነ አውጡት። እኔ በ11 ዓመት አንዴ ለምሄደው ምን ያደርግልኛል ብዬ ነበር፣ ቆይቶ ነው የቆጨኝ፣ እደርስበታለሁ።

አሁን ገንዘብ። ይሄን ሳወራ አፍራለሁ ግን በ2006 ስመለስ የተረፈኝን ብር፣ ሁሉም መቶ መቶ፣ ፖስታ ውስጥ አድርጌ 11 ዓመት አስቀምጬው ነበር፣ ለታክሲ ይሆነኛል ብዬ ይዤው ሄድኩ። ኤርፖርት ውጭ ሻንጣ ለገፋልኝ ልጅ አንዱን መቶ ስሰጠው ገልብጦ አየውና "እህቴ ይሄ እኮ ሙዚየም ነው" አለኝ። ብሩ በ2013 መጀመሪያ ላይ ተቀይሯል፣ 200 ብር የሚባል ኖት የመጣውም ያኔ ነው፣ አሮጌውን መቀየሪያው ሶስት ወር ነበር፣ አለፈ። እኔ ስወጣ አንድ ዶላር 20 ብር አካባቢ ነበር፣ ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሽቅብ ነው፣ እኔ በነበርኩበት ጊዜ ባንክ ከ120 ብር በላይ ይመነዝር ነበር። ሀብታም የሆንኩ መስሎኝ ነበር የመጀመሪያው ቀን፣ ከዛ ሁለት ማኪያቶና አንድ ኬክ አዘዝኩ።

ጥቁር ገበያውን ዘመድ ሁሉ ይመክራችኋል፣ እኔ አልሞከርኩትም፣ ሕገወጥ ነው፣ ተጭበርብራችሁ ብትገኙ ደግሞ ለማን ትከሳላችሁ። ባንክ ሂዱ፣ ደረሰኙን አትጣሉ። ዶላሩ ግን አዲስና ንጹሕ ይሁን፣ አንድ ባንክ ውስጥ ልጅቷ የኔን መቶ ዶላሮች እንደ ጤፍ ስታበጥር ቆይታ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀለም የነካው ነው ብላ ሁለቱን መለሰችልኝ፣ እዛው መንገድ ማዶ ያለ ሌላ ባንክ ያንኑ ሁለቱን ያለ ምንም ጥያቄ ተቀበለኝ። ኤቲኤም በቪዛ ካርድ ሰርቶልኛል፣ አንዳንዱ ማሽን "ኔትወርክ የለም" ይላል፣ ቀጣዩ ጋ መሄድ ነው። ሱቅና ካፌ ውስጥ ግን የውጭ ካርድ እርሱት። አገሩ በሙሉ በቴሌብር ነው የሚከፍለው፣ እኔ ስወጣ የሌለ ነገር፣ አሁን ሎተሪ አዟሪው ራሱ ቁጥሩን ይነግራችኋል። እኔ ካሹን ለአክስቴ ልጅ እሰጠዋለሁ እሱ በስልኩ ይከፍልልኛል፣ ወር ሙሉ እንዲሁ ኖርን።

ሲም ካርድ በፓስፖርት ነው የሚሰጠው፣ እዛው ኤርፖርት ጨርሱት። ድሮ አንድ ቴሌ ብቻ ነበር፣ አሁን ከ2015 ጀምሮ ሳፋሪኮምም አለ፣ በ07 የሚጀምሩት ቁጥሮች የነሱ ናቸው፣ "ይሄ የማን አገር ቁጥር ነው" ብዬ ሁለት ቀን ስልክ አላነሳሁም ነበር።

ማረፊያዬ ቦሌ አካባቢ ያለ ገስት ሃውስ ነበር፣ ስሙን አልጠራም። ፎቶው ያምራል፣ እውነትም ያምራል፣ ግን ከኤርፖርት እንቀበላለን ያሉት ሾፌር አልመጣም፣ ዋጋውን ስንነጋገር በብር የነበረው ፓስፖርቴን ሲያዩ በዶላር ሆነ፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ደግሞ ውሃ ጠፋ። ሪሴፕሽኑ ላይ ያለው ልጅ በጣም ትሁት ነው፣ "ይቅርታ ያድርጉልን፣ አሁን ይመጣል" እያለ ሁለት ቀን አለፈ። ከዛ በኋላ የገባሁበት ቦታ ላይ ገና ስደውል "ሮቶ አላችሁ ወይ፣ ጄኔሬተርስ፣ ክፍያው በምንድነው፣ ቫት ገብቶበታል ወይ" ብዬ በአንድ ትንፋሽ ጠየቅኩ። እናንተም ጠይቁ። ሬስቶራንትም ያው ነው፣ ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ብዙ ጊዜ 15 በመቶ ቫቱን አይጨምርም፣ አንዳንዱ ቤት 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅም አለው፣ ቢሉ ሲመጣ አትደንግጡ፣ ሰርቪስ ቻርጅ ካለ ቲፕ መጨመር አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ትራንስፖርት ላይ ደስ ያለኝ ነገር ራይድ የሚባለው የታክሲ አገልግሎት ነው። አፑ አለ፣ ኢንተርኔት ከሌላችሁ 8294 መደወል ነው፣ ዋጋው ይታወቃል፣ ክርክር የለም። በላዳ ዘመን "ስንት ትወስደኛለህ" ስል በአነጋገሬ ብቻ ዲያስፖራነቴን አውቀው እጥፍ ይሉኝ ነበር። አንድ ችግር አለ ግን ችግሩ የኔ ነው፣ እኔ አዲስ አበባን የማውቀው በምልክት ነው፣ "እዛ ቤት ፊት ለፊት፣ ከሱ ወረድ ብሎ" እያልኩ። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ጋ ውሰደኝ ስለው ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና "ከመቼ ወዲህ ነው ያልመጣሽው" አለኝ። ሰፈሩ የለም፣ 2016 ላይ ፈርሷል፣ ደጃች ውቤም አካባቢ እንደዛው፣ አሁን እዛ ጋ ቆሞ የሚታየው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ነው። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ የብስክሌት መስመር፣ ያምራል አልዋሽም፣ ግን ትንሽ ጊዜ መኪናው ውስጥ ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ፣ ሾፌሩም አላጣደፈኝም። ስለዚህ የዘመድ ቤት ስትሄዱ ሎኬሽን በቴሌግራም አስልኩ፣ የድሮ ምልክት ላይ አትተማመኑ። አክስቴ ራሷ የድሬዳዋ ባቡር ከለገሃር ይነሳል ብላኝ ነበር፣ የዱሮው እንጂ የአሁኑ የሚነሳው ከለቡ ነው።

በባቡር ሳይሆን በአውሮፕላን ነው ድሬዳዋ የሄድኩት፣ ማለቴ ሁለተኛው ሙከራ ላይ። ትኬቱ ላይ 07:00 ይላል። የአክስቴ ልጅ አየና "7 ሰዓት ነው፣ ከምሳ በኋላ፣ ተረጋጊ" አለኝ፣ እኔም እንቅልፌን ለጥጬ ተነስቼ ቁርሴን በላሁ። ትኬት ላይ የሚጻፈው ሁሌም የፈረንጅ ሰዓት ነው! 07:00 ማለት ጠዋት 1 ሰዓት ነው። 30 ዓመት እዛው አገር ያደገ ልጅና እዛው አገር የተወለድኩ ሴትዮ ሁለታችንም አልገባንም። መቀየሪያ ከፍዬ በማግስቱ ሄድኩ። ደግሞ አንድ ጥሩ ነገር፣ ከውጭ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የገባ ሰው የአገር ውስጥ ትኬት በቅናሽ ያገኛል፣ ስትገዙ የኢንተርናሽናሉን ትኬት አሳዩ፣ ካላሳያችሁ ማንም አይጠይቃችሁም። መጀመሪያ ሐሳቤ ለጥምቀት ጎንደር ነበር፣ በጸጥታው ምክንያት ተውኩት፣ ኢንሹራንስ ከገዛችሁም ኤምባሲያችሁ አትሂዱ ያለው ቦታ ላይ ብዙዎቹ እንደማይሸፍኑ እወቁ።

ድሬ ሙቀቷም ሰዋም ያው ናት፣ ከዚራ ሰፈር ጥላ ስር ቁጭ ብሎ መዋል ብቻ ይበቃል። ወደ ሐረር በሚኒባስ ተራራውን መውጣት ነው፣ 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ በር በሩን ይዞ ከሚያዞር ጋይድ ጋር ዋጋ ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱ፣ የኔው ጎበዝ ነበር፣ ማታ ጅብ ሲበላም አሳየኝ፣ እኔ ግን በእንጨት ሥጋ ማብላቱን ለሌላ ሰው ተውኩት። ድሬ ቆላ ነው፣ ወባ አለ፣ መድኃኒቱን ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። አዲስ አበባ ደግሞ በተቃራኒው ከፍታው 2,300 ሜትር በላይ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች ደረጃ ስወጣ የማለከልከው አርጅቼ ነው ብዬ አዝኜ ነበር።

አሁን ቢጫ ካርዱ ወደቆጨኝ ነገር እንምጣ። የእናቴን ቤት ጉዳይ ለወንድሜ ውክልና ልሰጥ ነበር። እዛ ድረስ ሄዳችሁ መስጠት ይሻላል፣ ምክንያቱም ከውጭ የሚላክ ውክልና ኤምባሲ ያረጋግጣል፣ ከዛ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይሄዳል፣ ከዛ ነው ውልና ማስረጃ የሚቀበለው። ውልና ማስረጃ ራሱ የፈራሁትን ያህል አልነበረም፣ ቁጥር ትይዛላችሁ፣ ይጠራል፣ ያልቃል። ያላለቀው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። የኔ አሜሪካን ፓስፖርት ላይ ያለው ስሜና የባሌ የቤተሰብ ስም ነው። የቤቱ ፋይል ውስጥ ያለሁት ደግሞ በአባቴ ስም ነው። "እርስዎ የሟች ልጅ መሆንዎን በምን እናውቃለን" አለችኝ ሠራተኛዋ፣ እውነቷን ነው፣ ወረቀቱን ብቻ ላየ ሰው እኔና እናቴን የሚያገናኝ ነገር የለም። የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ አሜሪካ። ዜግነት የወሰድኩበት ወረቀት፣ አሜሪካ፣ መሳቢያ ውስጥ። ባሌ ሌሊት ተነስቶ ስካን አድርጎ ላከልኝ፣ ኮፒ አንቀበልም ተባለ። ያዳነኝ አክስቴ ሳጥን ውስጥ የተገኘው የድሮው ኢትዮጵያ ፓስፖርቴ ነው፣ ጊዜው ያለፈበት፣ ፎቶው ላይ 19 ዓመቴ ነው፣ ከሱ ጋር ሦስት ምስክር፣ አራት ምልልስ። የእህቴ ቢጫ ካርድ ሲወጣ ግን እነዚህን ወረቀቶች አንዴ አሰባስባ አረጋግጣ ስለጨረሰች እሷ በአንድ ጠዋት ወጣች። የድሮ ፓስፖርታችሁን አትጣሉ፣ የልደት፣ የጋብቻና የዜግነት ወረቀታችሁን ኦርጅናሉን ያዙ።

ሕክምናም ሞክሬያለሁ፣ ሆዴን ታምሜ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ደም ወሰዱና ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ ተባልኩ፣ በአንድ ቀን ሁለቱንም! ሁለተኛ ቦታ ስታይ ምንም የለም፣ ኦአርኤስ ጠጥቼ በሁለት ቀን ዳንኩ። ሁለተኛ አስተያየት ርካሽ ነው፣ ጠይቁ። የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ለወሩ የሚበቃ ከነማዘዣው ይዛችሁ ሂዱ። ከአሜሪካ ለምትሄዱ፣ መብራቱ 220 ቮልት ነው፣ አዳፕተር ሶኬቱን እንጂ ቮልቱን አይቀይርም፣ የፀጉር ፎኔ ለአራት ሰከንድ እንደ አውሮፕላን ጮኸና ጭስ ሆነ። ድሮን ያለ ፈቃድ እንዳትይዙ፣ ጉምሩክ ይወስደዋል፣ አዲስ ስልክም በካርቶኑ ሶስት አራት ከደረደራችሁ ቀረጥ ይጠብቃችኋል።

ስመለስ አክስቴ ሻንጣዬን በበርበሬና በሽሮ ሞላችው፣ እሱ ችግር የለውም አሜሪካ ስትገቡ ምግብ መያዛችሁን ተናገሩ፣ ቋንጣውን ግን አውጥቼ ተውኩት ስለማይገባ፣ እሷም ተቀየመችኝ። የእናቴን የብር መስቀል አንገቴ ላይ ላደርገው ስል ነው ወንድሜ የከለከለኝ፣ አሮጌ መስቀልና ብራና ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ቀን አልነበረኝም። መስቀሉ አክስቴ ጋ ቀርቷል፣ ፈቃዱን ጠይቂልኝ ብዬ የፓስፖርቴን ኮፒ ልኬላታለሁ፣ ትናንት ደውላ "በየትኛው ስምሽ ነው የማስሞላው?" አለችኝ።