ይህችን ቫዮሊኒስት ሳላመሰግን ማለፍ አልቻልኩም

ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለበት። ሙዚቃ ደስ ሲለው አፉን ገጥሞ አንዲት ድምፅ ይዞ "እምምም" ይላል። ደስታው እንደዚያ ነው የሚወጣው።

ከዚህ በፊት ሁለቴ ክላሲካል ኮንሰርት ወስጄዋለሁ። በመጀመሪያው ከፊታችን ያሉት እየዞሩ ሲገላምጡን ቆዩ፣ ከዚያ አስተናጋጇ መጥታ "ብትወጡ ይሻላል" አለችኝ። ትኬት ቆርጬ፣ ልጄን አዘጋጅቼ፣ ሳምንቱን ሙሉ "መቼ ነው?" ሲለኝ ከርሞ። በሁለተኛው ደግሞ ገና በሩ ላይ "ለእንደዚህ ዓይነት ልጅ አይሆንም" ተባልን። ልጄ አጠገቤ ቆሞ እየሰማ! ያን ቀን እያለቀስኩ ነው ቤት የገባሁት።

ባለፈው ቅዳሜ ይህች እህት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በነጻ ትጫወታለች ሲባል ፈራ ተባ እያልኩ ሄድኩ። ለመውጣት እንዲመቸን በሩ አጠገብ ተቀመጥን። ከመጀመሯ በፊት "ደስ ሲላችሁ አጨብጭቡ" አለች። ሞዛርት እ.ኤ.አ. በ1778 ከፓሪስ ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሙዚቃው ገና ሳያልቅ ሰው እንዳጨበጨበለት ደስ ብሎት ተናግሯል አለችን። እኔ ኮንሰርት ላይ ሙዚቃው እስኪያልቅ ዝም ማለት ከጥንት የመጣ ሕግ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ የሙዚቃ ደራሲው ባኽ ለአንድ ቫዮሊን ብቻ ከጻፋቸው ሥራዎች አንዱን ጀመረች። ልጄም ጀመረ። ቦርሳዬን አንስቼ እጁን ያዝኩ። እሷ መጫወቷን አቆመች። በቃ፣ ደግሞ ልንባረር ነው አልኩ። "አትውጪ እባክሽ፣ ድምፁን ልስማው" አለችኝ።

ደጋኗን ክሩ ላይ አሳርፋ የልጄን ድምፅ ቁጭ አደረገችው። ራሱን! ልጄ ዝም ብሎ አያት። ደግሞ "እምምም" አለ፣ እሷም ደገመችለት። ቀጥላ የሱን ድምፅ ከስር ትታ ከላዩ ዜማ ሠራችበት፣ እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ የሙዚቃ ሰው አይደለሁም፣ ብቻ ልጄና ቫዮሊኑ አብረው ሲዘፍኑ በዓይኔ አየሁ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ልጄም አጨበጨበ። ከዚያ ባኽን ከመጀመሪያው ጀመረችው። ቀጥሎ የተጫወተችውን ሩብ ሰዓት ገደማ የሚፈጀውን ሻኮን የሚባለውን የባኽ ሥራ ልጄ ከቦታው ሳይነሳ ሰማ። ሩብ ሰዓት! ልጄን የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ሆስፒታልም፣ ትምህርት ቤትም፣ የአረጋውያን ማዕከልም ትሄዳለች። ታላቁ ቫዮሊኒስት የሁዲ ሜኑሂን እ.ኤ.አ. በ1977 ሙዚቀኞችን ወደነዚህ ቦታዎች የሚልክ ድርጅት መሥርቶ ነበር፣ የሱን አርአያ ነው የምከተለው አለችኝ።

እባካችሁ ጥሯት። ትምህርት ቤት የምታስተዳድሩ፣ ታማሚ የምታስታምሙ፣ በተለይ እንደኔ ከየአዳራሹ የተባረራችሁ እናቶች፣ ጥሯት። ሳላስፈቅዳት ስሟን እዚህ አልጽፍም፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አገናኛችኋለሁ።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ቅዳሜ እንመጣለን። አሁን ከፊት ነው የምንቀመጠው።