በሮተሪ ሞተር ላይ ትልቅ ተርቦ ልታስገጥሙ ላሰባችሁ፦ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት አንብቡ

ሮተሪ ሞተር ያለውን የ1993 ማዝዳ አርኤክስ-7 መኪናዬን ሁለት ትንንሽ ተርቦዎች (አየር ጨምቀው ወደ ሞተሩ የሚያስገቡ ዕቃዎች) አውጥቶ በአንድ ትልቅ ተርቦ እንዲተካልኝ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ ለሚገኝ አንድ የአገራችን ሰው ጋራዥ 9,400 ዶላር ከፈልኩ። መኪናው ከጋራዡ በወጣ በዚያው ሳምንት ኢንተርስቴት 95 ላይ ሞተሩ ተሰበረ። የተሰበረው ሮተሪ ስለሆነ አይደለም፤ የተከፈለበት ሥራ ስላልተሠራ ነው።

ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። በቲክቶክ ከጭስ ማውጫው እሳት የሚተፋ መኪና ያሳያል፤ ስትደውሉለት «ወንድሜ» እያለ ይቀበላችኋል፤ ካርድ ስታወጡ «በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ላክልኝና ታክሱን ልተውልህ» ይላል፤ ቀብዱ ከገባለት በኋላ ደግሞ ስልክ አያነሳም። ያወጣቸውን የፋብሪካ ተርቦዎች እንዲመልስልኝ ስጠይቀው «ጣልናቸው» አለኝ፤ ፈላጊ የማያጡ ዕቃዎች መሆናቸውን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል።

ሮተሪ ሞተር የነዳጅ እጥረትን ለምን እንደማይታገስ መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነውና። የዚህ መኪና ሞተር ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ፒስተን የለውም፤ እያንዳንዳቸው 654 ሲሲ በሚለካ ክፍል ውስጥ እየዞሩ ኃይል የሚሰጡ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተሮች አሉት። በየማዕዘኑ ጫፍ ላይ አፔክስ ሲል የሚባል፣ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር ብቻ የሆነ ማሸጊያ አለ። ትልቅ ተርቦ ብዙ አየር ሲያስገባ ቤንዚኑም በዚያው ልክ ካልጨመረ፣ ሙቀቱ ከመጠን ያልፍና ነዳጁ ያለጊዜው ይፈነዳል። የፒስተን ሞተር ይህን ጥቂት ጊዜ ሊችለው ይችላል፤ አፔክስ ሲልን ግን አንድ ከባድ ፍንዳታ ሊሰብረው ይችላል፤ ስብርባሪውም የሮተሩን ቤት ግድግዳ ቧጭሮ በጭስ መውጫው በኩል ያልፍና የተርቦውን ክንፎች ይመታል። ከፋብሪካ የሚመጡት አራት ኢንጀክተሮች (ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚረጩ ዕቃዎች)፣ ማለትም በደቂቃ 550 ሲሲ የሚረጩት ሁለቱና 850 ሲሲ የሚረጩት ሁለቱ፣ የተለኩት ለትንንሾቹ ተርቦዎችና ለ255 የፈረስ ጉልበት ነው። ስለዚህ ትልልቅ ኢንጀክተሮች፣ ጠንካራ የቤንዚን ፓምፕ እና የሞተሩን ኮምፒውተር ዳይኖ (የመኪና ጉልበት መለኪያ ማሽን) ላይ ማስተካከል እያንዳንዳቸው በደረሰኙ ላይ ሰፍረው፣ ለእያንዳንዳቸው ከፍያለሁ።

ሞተሩን የከፈተልኝ ሌላ መካኒክ መጀመሪያ ያሳየኝ የኋለኛውን ሮተር የተሰበረ ማሸጊያ ነበር። ቀጥሎ ኢንጀክተሮቹን ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። አራቱም መኪናው ከፋብሪካ ይዟቸው የወጣቸው ነበሩ።

በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ጋራዡ ወሰድኳቸው። ባለቤቱ ባንኮኒው ጋ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካ ነበር። ኢንጀክተሮቹን ፊቱ አስቀምጬ ደረሰኙን ዘረጋሁና «የከፈልኩባቸው ትልልቆቹ የት አሉ?» አልኩት። ደረሰኙን ወደ ራሱ ሳበው፤ ከኪሱ ስክሪብቶ አወጣ፤ የኢንጀክተሮቹን መስመር ከዳር እስከ ዳር ሰረዘው፤ ወረቀቱንም መልሶ ወደ እኔ ገፋ አደረገና «አልተገጠመም፤ በቃ» አለኝ። ከሥር ያለውን ድምር አልነካውም። ገንዘቡስ ብዬ ስጠይቀው «ሮተሪ መሆኑን እያወቅህ ገዝተህ እኔን ትጠይቃለህ? ደግሞ አንተ ኢንጀክተር ከኢንጀክተር መቼ ትለያለህ?» ብሎኝ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ጎማ እያንከባለለ የሚያልፈው ሠራተኛው ሳቀ።

ከሞተሩ መሰበር በላይ የሚያንገበግበኝ ያ ስረዛ ነው። ረስቶት ወይም ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ይደነግጥ ነበር፤ ገብቶ ማየት፣ ሠራተኛውን መጠየቅ ነበረበት። እሱ ግን ምንም ሳያጣራ ሰረዘው፤ ገንዘቡን ሲቀበልም እንደማይገጥማቸው ያውቅ ነበር ማለት ነው። ያንን ተርቦ ገጥሞ፣ ሞተሩ ሊሰበር እንደሚችል እያወቀ፣ ቁልፉን በእጄ ሰጥቶ በአውራ ጎዳና ላይ ከከባድ መኪናዎች መካከል እንድነዳ ለቀቀኝ። «ሮተሪ ሁልጊዜ ይፈነዳል» የሚለውን ሰበብ ማንም እንዳይቀበለው። ማዝዳ ይህን መኪና እስከ 2002 ድረስ ከነተርቦው ያመረተው ቤንዚኑን ለአየሩ ለክቶ ነው፤ ሞተሩ ስስ መሆኑን የሚያውቅ መካኒክም ይበልጥ ይጠነቀቃል እንጂ ዕቃ አይቀንስም።

ለማስገጠም የቆረጣችሁ ካላችሁ በካርድ ክፈሉ። ሥራው ሳይጀመር የሞተሩን ኮምፕረሽን (አየሩን አምቆ የሚይዝበትን ግፊት) ለሮተሪ በተሠራ መለኪያ አስለኩ፤ ተራው መለኪያ ከሦስቱ የሮተር ገጾች የከፍተኛውን ብቻ ያሳያል። ከዳይኖው ወረቀት ላይ የአየርና የቤንዚኑን ምጣኔ መስመር ጠይቁ፤ ለእኔ የተሰጠኝ የጉልበቱን መስመር ብቻ የያዘ ነበር። የቨርጂኒያ የአነስተኛ ክርክር ችሎት ከ5,000 ዶላር በላይ ስለማያይ፣ የእኔ ጉዳይ ወደ ሌላ ችሎት ይሄዳል። በዚሁ አካባቢ ቀጠሮ ይዛችሁ የተጠራጠራችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የተሰረዘውን ደረሰኝና የኢንጀክተሮቹን ፎቶ እልክላችኋለሁ።