ላፕቶፓችሁ አልበራ ካለ፣ ማዘርቦርድ ከመግዛታችሁ በፊት ለዚህች ባለሙያ አሳዩ

ከአገልግሎት ውጭ ሆኗል ተብሎ የነበረውን ላፕቶፔን ጠግና ለመለሰችልኝ የማዘርቦርድ ባለሙያ ምስጋናዬን በይፋ አቀርባለሁ፤ ተመሳሳይ ችግር ለገጠማችሁም እሷን ያለ ምንም ማመንታት እጠቁማለሁ።

ላፕቶፑ ቻርጀር ቢሰካበትም ማብሪያው ቢጫንም ምንም ምላሽ አይሰጥም ነበር። ቀደም ሲል ያየው ሌላ ጠጋኝ ከፍቶ ጥቂት ከተመለከተው በኋላ «ቦርዱ ሞቷል፣ ይቀየር» ብሎ መለሰልኝ፤ ምን ለክቶ እዚህ ድምዳሜ ላይ እንደደረሰ ግን አላስረዳኝም። እሷ በአንጻሩ ከቦርዱ ላይ አንድም ዕቃ ሳትነቅል መለካት ጀመረች። ባትሪውን አላቀቀች፣ ከቻርጀሩ 19 ቮልት ገደማ መውጣቱን አረጋገጠች፣ ከዚያም ቦርዱን የከረንቱ መጠን ሊገደብ ከሚችል ፓወር ሰፕላይ ጋር አገናኘችው። የሚነበበው አምፔር ከዜሮ እምብዛም ፈቀቅ አላለም፤ ቮልቴጁ እስከ መግቢያው ሞስፌት (ኃይልን የሚያሳልፍ ወይም የሚዘጋ የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ) ድረስ ይደርስና ከዚያ ወዲያ ይጠፋል።

እዚህ ላይ የሰጠችኝ ማብራሪያ ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነበር። መግቢያው ላይ ያሉት ሞስፌቶች እንደ በር ዘበኛ ናቸው፤ ከበስተጀርባቸው ያለው፣ ለቦርዱ ኃይል የሚያከፋፍለው ዋና መስመር ሾርት ካደረገ (ከረንቱ ያለ አግባብ በቀጥታ ወደ ግራውንድ፣ ማለትም ወደ ዜሮ ቮልት መስመሩ ከፈሰሰ) የቻርጅ መቆጣጠሪያው ቺፕ እንዲከፈቱ አይፈቅድም። ስለዚህ ቦርዱ ዝም ያለው ሞቶ ሳይሆን ራሱን እየተከላከለ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እውነትም ኃይሉ ተነቅሎ ዋናው መስመር ከግራውንድ ጋር ሲለካ ሬዚስታንሱ ከ1 ኦም በታች ሆኖ ተገኘ፤ ሾርት አለ ማለት ነው።

አስቸጋሪው ሥራ የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ መስመር ላይ በርካታ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ እያጠራቀሙ ቮልቴጁ እንዳይዋዥቅ የሚያደርጉ ጥቃቅን ዕቃዎች) ጎን ለጎን የተያያዙ በመሆናቸው አንዱ ብቻ ቢበላሽ ሁሉም በመልቲሜትር ሲለኩ ሾርት መስለው ይታያሉ። ባለሙያዋ እያንዳንዱን እየነቀሉ መሞከርን አልመረጠችም። በመጀመሪያ ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚያቀርቡት ሞስፌቶች ሾርት አለማድረጋቸውን አረጋገጠች፤ እነሱ ሾርት ካደረጉ ወደ ዋናው መስመር የሚላከው ቮልቴጅ በቀጥታ ፕሮሰሰሩ ላይ ሊያርፍ ይችላልና። የፕሮሰሰሩ መስመር በጤናውም ጊዜ ቢሆን ሬዚስታንሱ በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ይህን የማያውቅ ሰው ደኅናውን ፕሮሰሰር ተበላሽቷል ብሎ ሊፈርድበት እንደሚችልም በዚሁ አጋጣሚ ነገረችኝ። (ስንት ደኅና ቦርድ በዚህ ምክንያት እንደተጣለ ማን ያውቃል!)

ቀጥላ ዋናው መስመር ላይ 1 ቮልት ብቻ ለቀቀችና ቦርዱን በአይሶፕሮፒል አልኮል አረጠበችው። ሾርት ያደረገው ዕቃ ስለሚሞቅ ወዲያውኑ አንድ ቦታ ላይ ያለው አልኮል ከሌላው ቀድሞ ተነነ፤ ከሥሩም ርዝመቱ ከ2 ሚሊሜትር የማይበልጥ የሴራሚክ ካፓሲተር ታየ። በማይክሮስኮፑ እንዳይ ስትጋብዘኝ በጎኑ ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ አየሁ። ካፓሲተሩ ሲነሳ ሾርቱ ጠፋ፤ በምትኩም አቅሙና የቮልቴጅ መጠኑ ተመሳሳይ የሆነ ሌላ ተበየደ። ያኔም ቢሆን ማብሪያውን ለመጫን አልቸኮለችም፤ ኮምፒውተሩ ከመብራቱ በፊት መኖር ያለባቸው 3.3 እና 5 ቮልት መስመሮች በትክክል መውጣታቸውን ለክታ ነው ያስነሳችው። ፋይሎቼም እንደነበሩ ተገኙ።

ከሙያ ብቃቷ ባልተናነሰ ያከበርኩት ግልጽነቷን ነው። የነቀለችውን ካፓሲተር በትንሽ ፌስታል አድርጋ አስረከበችኝ። ውኃ ወይም ሻይ የፈሰሰባቸውን ቦርዶች በተመለከተ ለጊዜው ቢነሱም ዝገቱ ውስጥ ውስጡን ሊቀጥል ስለሚችል ሙሉ ዋስትና እንደማትሰጥ አስቀድማ ትናገራለች፤ ፕሮሰሰሩ ራሱ የተበላሸ ከሆነም ጥገናው እንደማያዋጣ ሳትደብቅ ታስረዳለች።

ስሟና ስልኳ በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለገች የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ የራሳችሁን ቻርጀር ይዛችሁ ሂዱ፤ ላፕቶፑ ከመጥፋቱ በፊት ወድቆ፣ ፈሳሽ ነክቶት ወይም ሌላ ሰው ከፍቶት ከነበረም ሳትደብቁ ንገሯት፤ መለካት የምትጀምርበትን ቦታ የምትመርጠው በዚያ ላይ ተመሥርታ ነው።