ዘይት ያጣ ሞተር ይሠራ ወይስ ይቀየር? በአዲስ አበባ የተጠቀምንባቸው አገልግሎቶች

የምኖረው በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ገናንና ጥምቀትን ከቤተሰብ ጋር ለማሳለፍ አዲስ አበባ በገባሁበት ወቅት የታላቅ እህቴ መኪና ሞተር በዘይት እጦት ስለተጎዳ፣ ከእረፍቴ ላይ የማይናቅ ጊዜ በጋራዥና በመለዋወጫ ሱቆች አልፏል። እዚህ የምጽፈው በዚያ ጊዜ ስለተጠቀምንባቸው አገልግሎቶች፣ ማለትም ስለ ዘይት መቀየሪያው፣ ስለ ጎታች መኪናው፣ ስለ ሁለቱ ጋራዦች፣ ስለ ቶርኖ ቤቱ (የብረት ክፍሎች በማሽን የሚላጩበት ቤት) እና ስለ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ያለኝን አስተያየት ነው። ከውጭ መጥቶ የቤተሰብ መኪና የሚነዳ ወይም ለቤተሰቡ የጥገና ወጪ ገንዘብ የሚልክ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ሊገጥመው ስለሚችል በዝርዝር መጻፉን መርጫለሁ።

መኪናው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተመረተ ቶዮታ ኮሮላ ነው። ሞተሩ መካኒኮች «ፎር ኤ» የሚሉት ባለ አራት ፒስተን፣ 1.6 ሊትር፣ ብሎኩ (ሲሊንደሮቹን የያዘው ዋና አካል) ብረት፣ ቴስታታው (በላዩ የሚገጠመው ክፍል) አሉሚኒየም የሆነው ነው። እኔ በምኖርበት አገር የዚህ ዕድሜ መኪና ሞተሩ ሲጎዳ የመካኒኩ የሥራ ሰዓቶች ክፍያ ብቻ ተደምሮ ከመኪናው ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል፣ አብዛኛውን ጊዜ መኪናው ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጣል። አዲስ አበባ ላይ ግን ስሌቱ ፈጽሞ ሌላ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለ ኮሮላ የሚተካ ሳይሆን የሚጠበቅ ንብረት ሆኗል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ስለተወደደ፣ ሞተር ይሠራ ወይስ ይቀየር የሚለው ውሳኔ የአንድን ቤተሰብ የብዙ ወራት ገቢ የሚነካ ነው።

ጉዳቱ የደረሰው እንዲህ ነው። ወደ አዳማ ከመሄዳችን በፊት እህቴ ዘይትና ፊልትሮ አስቀይራ ነበር። ስንመለስ በፍጥነት መንገዱ ላይ ሞጆን አልፈን ወደ ቢሾፍቱ ሽቅብ ስንወጣ ቀዩ የዘይት መብራት በራ፤ እህቴም ወዲያው ቀኙን ጠርዝ ይዛ ሞተሩን አጠፋች። ሆኖም ከመቆማችን በፊት ከኮፈኑ ሥር ደረቅ የብረት ኳኳታ ተሰምቶ ነበር፤ ጎንበስ ብለን ስናይም የመኪናው ሆድ እስከ ኋላ ድረስ በዘይት ርሷል።

ብዙ ሰው ይህ መብራት የዘይትን መጠን የሚያሳይ ይመስለዋል። የሚያሳየው ግን ግፊትን ነው፤ የሚበራውም ግፊቱ ተሟጦ ሊያልቅ ሲል ነው። ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩት ዘንግ) ከብሮንዚኑ (ዘንጉን ከሚያቅፈው ለስላሳ ገጽ ያለው ብረት) ጋር ብረት ለብረት እንዳይፋጭ የሚለየው ውፍረቱ በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚለካ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ላይ እያለ ፓምፑ በዘይት ፋንታ አየር ከሳበ ያ ሽፋን በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ይጠፋል፤ ለስላሳው የብሮንዚን ገጽም ይግላል፣ ይላጣል፣ በመጨረሻም ሞተሩ ይነክሳል፣ ማለትም ተጣብቆ ይቆማል። ስለዚህ መብራቱ በርቶ «እስከሚቀጥለው ከተማ ልድረስ» ማለት ሊድን የሚችለውን ሞተር መግደል ነው። እህቴ ወዲያው ማጥፋቷ ኋላ ብዙ ገንዘብ አትርፎልናል።

ስለ ጎታች መኪናው የምለው ጥቂትና ጥሩ ነው። ሾፌሩ ዋጋውን በስልክ ቁርጥ አድርጎ ነግሮን መጣ፣ ካምቢዮው ማንዋል ይሁን አውቶማቲክ ጠየቀ፣ መኪናውን በጀርባው ጭኖ በጎማዎቹ በኩል አሰረው፤ አዲስ አበባ ስንደርስም በስልክ ከተነጋገርነው ላይ አንድም ብር አልጨመረም።

የመጀመሪያው ጋራዥ ግን በጣም አሳዝኖኛል። እዚያ የተቀበለን መካኒክ የዘይት መለኪያውን መዝዞ ሳያይ ቁልፉን አስገብቶ ሞተሩን አስነሳው። እህቴ «አጥፋው!» ብላ እስክትጮህ ድረስ የደረቀው ሞተር ሲንኳኳ እጁን አጣምሮ ያዳምጥ ነበር። ከዚያም «እትዬ፣ ይሄ ሞተር አልቋል፤ ማሰራት ትርፉ ድካም ነው፤ ከዱባይ የመጣ ንጹሕ ሞተር አለ፣ ቀብድ ካሲያዙ ነገውኑ እንገጥመዋለን» አላት። ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) አልወረደም፣ አንድ ብሎን አልተፈታም፣ አንድ ልኬት አልተወሰደም። የሚገጠመው ሞተር ሰነድ እንዳለው ስጠይቀው «ደረሰኙ በኋላ ይመጣል» አለ።

ይህ መልስ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ከውጭ ለሚመጣ ሰው ማስረዳት እፈልጋለሁ። በአገራችን የሞተር ቁጥር እንደ ሻንሲ ቁጥር ሁሉ በሊብሬው ላይ የሠፈረ ነው። ቁጥሩ የተቀረጸው በብሎኩ ላይ በመሆኑ ሙሉ ሞተርም ሆነ ግማሽ ሞተር (ያለ ቴስታታው) ሲቀየር መኪናው በወረቀት ላይ ሌላ ይሆናል። ለውጡን ለማስመዝገብ የሞተሩን ምንጭ የሚያሳይ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ሰነድ) እና የግዢ ደረሰኝ ያስፈልጋል። ይህ ካልተሟላ ችግሩ ለቦሎ ምርመራ ወይም መኪናውን ለመሸጥ በሚቀርብበት ቀን ይወጣል። ያን ጊዜ ደግሞ እኔ ሜሪላንድ ነኝ፤ የትራንስፖርት ቢሮ ደጃፍ የምትመላለሰው እህቴ ናት። ስለዚህ ቀብድ ሳንሰጥ መኪናውን ጭነን ወጣን።

ሁለተኛው ጋራዥ ሳሪስ አካባቢ የሚገኝ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ከውጭ ሲታይ ምንም የማይስብ ነው። ዋናው መካኒክ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ሞተሩን ማስነሳት ይቅርና ባትሪውን አስነቀሉና «መጀመሪያ ሆዱን እንየው፤ ስለ ዋጋ ከዚያ በኋላ እናወራለን» አሉን። ኮፓው ወረደ። የተረፈውን ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ አፍስሰው በጣታቸው ሲያሹት እንደ ወርቅ ዱቄት የሚያብረቀርቅ ብናኝ ጨርቁ ላይ ቀረ። ማግኔት አስጠጉበት፤ አልተሳበም። «የሚሳብ ቢሆን ክራንኩ ወይም ፓምፑ ተበልቷል ማለት ነበር፤ ይህ ብሮንዚን ነው» አሉ። ፊልትሮውንም በመጋዝ ከፍተው ወረቀቱን ዘርግተው እንድናይ ጠሩን። እኔ በአሜሪካ መኪናዬን በወሰድኩባቸው ጋራዦች እንዲህ ያለ ትምህርት ተሰጥቶኝ አያውቅም፤ እዚያ የሚሰጠኝ የዋጋ ዝርዝር ነው።

ምክንያቱም የተገኘው በዚሁ ጊዜ ነው። ፊልትሮው ሲፈታ በሥሩ ያለው ክብ ላስቲክ ሁለት ሆኖ ተገኘ፤ የአሮጌው ፊልትሮ ላስቲክ ከብሎኩ ላይ ተጣብቆ ሲቀር ሳይነሳ አዲሱ በላዩ ላይ ታስሯል። እንዲህ ያለ ፊልትሮ በከተማ ውስጥ በዝግታ ሲነዳ ሊይዝ ይችላል፤ ግፊቱ ሲጨምር ግን ላስቲኩ ተንሸራቶ ይወጣና ዘይቱን በደቂቃዎች ውስጥ ይረጨዋል። የሞተሩ ጠቅላላ ዘይት 3 ሊትር ገደማ ብቻ በመሆኑ ለማለቅ ጊዜ አይወስድም። ዘይት የሚቀይረው ሠራተኛ ብሎኩን በጨርቅ ጠርጎ በዓይኑ ቢያይ፣ ከዚያም ሞተሩን ለአንድ ደቂቃ አስነስቶ ከሥር ቢመለከት ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር። የዘይት መቀየሪያው ኃላፊ መጀመሪያ አልተቀበለም፤ ሁለቱን ላስቲኮችና ፊልትሮው ከመፈታቱ በፊት የተነሳውን ፎቶግራፍ ሲያይ ግን ለዘይትና ለፊልትሮ የተከፈለውን መለሰ። የሞተሩን ጥገና ለመካፈል ፈቃደኛ አልሆነም። እህቴ የዘይት ቅየራውን ደረሰኝ በመያዟ አቤቱታ ለማቅረብ የሚያስችል ማስረጃ አላት፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ለደረሰበት ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታልና መብቷን እንድትጠቀምበት አጥብቄ መክሬያታለሁ።

ሞተሩ ወርዶ ሲበተን ሁለት የፒስተን ዘንጎች ብሮንዚኖች ገጻቸው ተልጦ ከሥር ያለው መዳብ ታይቷል። ክራንክ ሻፍቱ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ነበር፤ በሙቀት የጠቆረ ወይም ሰማያዊ የሆነ ቦታ ግን አልተገኘም። ሲሊንደሮቹ ንጹሕ ነበሩ። መካኒኩ እያንዳንዱን የክራንክ አንገት በማይክሮሜትር ከሁለት አቅጣጫ ለክተው ቁጥሩን በኖራ ግድግዳው ላይ ጻፉት፤ ውሳኔውም ከግድግዳው ላይ ተነበበ፦ በ0.25 ሚሊ ሜትር ከተላጨ ጭረቱ ይጠፋል፣ ሞተሩም ይሠራል። ዘንግ ተሰብሮ ብሎኩን ቀድዶ ቢሆን፣ ክራንኩ ቢሰነጠቅ ወይም ሲሊንደሩ ከልክ በላይ ቢቧጨር ኖሮ እሳቸው ራሳቸው መቀየርን እንደሚመክሩ ነግረውናል። እኔም የያዝኩት አቋም ይኸው ነው፤ ሞተር ሳይከፈትና ሳይለካ ይሠራ ወይም ይቀየር የሚል ባለሙያ ገንዘብ ሊሰጠው አይገባም።

እዚህ ላይ የሥራውን ቅደም ተከተል ልብ ልትሉት ይገባል። ክራንኩ ወደ ቶርኖ ቤት ከመላኩ በፊት ለተላጨው ክራንክ ልክ የሚሆነው የ0.25 ብሮንዚን በገበያ ላይ መኖሩ መረጋገጥ አለበት፤ ተላጭቶ ካለቀ በኋላ ልኩ ቢጠፋ ወደ 0.50 መውረድ ግድ ይሆናል፤ ያ ደግሞ የክራንኩን ዕድሜ በከንቱ መቁረጥ ነው። በዚህ ምክንያት መጀመሪያ የሄድነው ወደ ሶማሌ ተራ ነው። የሱቆቹ ብዛት ያደናግራል፤ የሻጮቹ ዕውቀት ግን የሚያስደንቅ ነው። አንዱ ወጣት የሞተሩን ስም ብቻ ሰምቶ የመኪናውን የምርት ዘመን ነገረን። ዋጋው ሲጠየቅ «የዛሬ ነው፤ ለነገ አልናገርም» ይላሉ። በኦሪጂናልና በኮፒ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሰፊ ነው፤ ካርቶኑ ደግሞ እምነት አይጣልበትም። ስለዚህ ከመካኒኩ ረዳት ጋር ሄደን፣ ከብሮንዚኑ ጀርባ ላይ የተቀረጸውን ልክና የአምራች ምልክት እሱ አይቶ ሲያጸድቅ ብቻ ከፈልን። ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ሙሉ ጓርኒሲዮን (በክፍሎቹ መጋጠሚያ የሚገባው ማሸጊያ)፣ ቺንጋ (ቀበቶ) እና የዘይት ፓምፕም እዚያው ተገዙ። ፓምፑን መቀየሩ መጀመሪያ ብዙ መስሎን ነበር፤ የአሮጌው ክዳን መቧጨሩን ካሳዩን በኋላ ግን ክርክሩ አበቃ።

ቶርኖ ቤቱ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። የመብራት መቆራረጥ ቀጠሮውን ደጋግሞ ቢያዛንፈውም ክራንኩ ሲመለስ እንደገና ተለክቶ ልኩ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። በጣም ያስደሰተኝ ግን ብዙ ጋራዥ የሚዘለው ሥራ ነው። የተላጠው የብሮንዚን ብናኝ በብሎኩና በክራንኩ የዘይት ቀዳዳዎች ውስጥ ከቀረ አዲሱን ብሮንዚን ይበላዋል። ረዳቱ እያንዳንዱን ቀዳዳ በሽቦ ብሩሽና በናፍጣ አጥቦ፣ በኮምፕረሰር እየነፋ ከሌላኛው በኩል የሚወጣውን በነጭ ጨርቅ ሲቀበል ቆሜ አይቻለሁ፤ ጨርቁ ንጹሕ እስኪሆን ድረስም አላቆመም። ሞተሩ ከተገጠመ በኋላም ወዲያው አልተነሳም። ሞተሩ እንዳይነሳ የካንዴላ ገመዶቹ ተነቅለው፣ ዘይቱ እስኪዳረስና ቀዩ መብራት እስኪጠፋ ድረስ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ብቻ ተሽከረከረ፤ ከዚያ በኋላ ነው የተነሳው።

የሳሪሱ ጋራዥ ሰዎች ጉድለትም አለባቸው። የዋጋ ግምቱን በጽሑፍ የሰጡን ደጋግመን ከጠየቅን በኋላ ነው፤ ስልክ አያነሱም፤ «ነገ ይደርሳል» የሚለው ቃል ከአንድ ጊዜ በላይ አልተከበረም። የመመለሻ ትኬት ለቆረጠ ሰው ይህ ከባድ ጭንቀት ስለሚሆን፣ እንዲህ ያለ ሥራ የሚያሠራ እንግዳ ጉዳዩን የሚከታተል ዘመድ አስቀድሞ ቢወክል ይሻለዋል። በሌላ በኩል አሮጌዎቹን ዕቃዎች በሙሉ በካርቶን አድርገው መልሰውልናል፤ የእጅ ዋጋቸውም ከዕቃው ወጪ በእጅጉ ያነሰ ነበር። አጠቃላይ ወጪው የመጀመሪያው ጋራዥ ለዱባዩ ሞተር ከጠየቀው ያነሰ ሲሆን፣ የሊብሬው የሞተር ቁጥርም ሳይነካ ቀርቷል።

ወደ ሜሪላንድ ከተመለስኩ በኋላ እህቴ የመጀመሪያዎቹን 1000 ኪሎ ሜትር ሞተሩን ሳታስጨንቅ ነድታ ዘይቱን እዚያው ሳሪስ አስቀይራለች። መካኒኩ የወጣውን ዘይት እንደገና በነጭ ጨርቅ ላይ አይተው ብናኝ እንደሌለው ነግረዋታል፤ ለምርመራውም ምንም አላስከፈሏትም። ዋስትናውን በጽሑፍ እንዲሰጧት ጠይቃ «ቃሌ ይበቃል» ብለዋታል፤ እኔ ግን ማኅተም ያለበት ወረቀት እስኪሰጧት ድረስ መጠየቋን እንድትቀጥል ነግሬያታለሁ።