"ኮድ አጥፋ" የምትለዋ ቁልፍ ጉድ ሠራችኝ

ይቺን ኦቢዲ 2 ማንበቢያ፣ የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ የምታነበውን፣ ከገዛኋት ስምንት ወር ሆነኝ። የክብሪት ሳጥን የምታክል፣ ከመሪው ሥር የምትሰካ፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የምትገናኝ ነገር ናት። መገናኘቱን ትገናኛለች፣ እሱ ላይ ወሬ የለኝም። ወሬዬ ስለ ሁለተኛው ሲሊንደር ነው።

መኪናዬ አሮጌ ናት፣ ቤንዚን፣ ባለ አራት ሲሊንደር። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልረግጥ ሞተሩ ሲሠራ) ስትቆም ትንቀጠቀጣለች፣ በስፖኪዮ የማየው የኋላው መኪና ሁለት እስኪመስለኝ ድረስ። ነዳጅ ስሰጣት ደግሞ ምንም እንዳልነበረባት ትሄዳለች። ሻጩ "ሰካው ብቻ፣ ችግሩን ራሱ ይነግርሃል" አለኝ። ሰካሁ። ፒ0302 አለኝ። ሁለተኛው ሲሊንደር ሚስፋየር ያደርጋል፣ ነዳጁን በወጉ አያቃጥልም ማለት ነው።

ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የችግሩ አድራሻ ነው እንጂ ችግሩ አይደለም! ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የሁለተኛው ተራ ሲደርስ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ ክራንክሻፍቱ፣ ዘገም እንዳለ ብቻ ነው። ካንዴላው ይሁን ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ቦቢና፣ ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር ይሁን ቫልቩ፣ እሱ ምን አውቆ። እኔ ግን ሮጬ አዲስ ቦቢና ገዛሁ። "ኮድ አጥፋ" የምትለዋን ተጫንኩ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ጠፋ፣ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። አራቱንም ካንዴላ ቀየርኩ። አጠፋሁ። ተመለሰ። የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ቦቢና ማቀያየር ትዝ ያለኝ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኮዱ ተከትሎ ፒ0303 ቢሆን ኖሮ ጥፋተኛው ቦቢናው ነበር። አልሆነም። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ፣ ግን መጀመሪያ መግዛት ይቀለናል መሰለኝ። ኢንጀክተሩንም አዛወርኩ፣ ኮምፕሬሽንም (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት) አስለካሁ፣ ሁሉም ደህና። በመጨረሻ ማንበቢያዋን ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኳትና ሁለት ወር ዘጋኋት።

መልሼ ያወጣኋት መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ነው። ዝም ብሎ ሲበራ ሰው ይታገሠዋል፤ ብልጭ ድርግም ሲል ግን ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን ጭስ አጣሪ ካታሊስት ሊያቃጥለው ይችላል፣ ቀልድ የለውም። ያን ቀን ኮዱን ሳላጠፋ ሌሎቹን ገጾች ነካካሁ። ፍሪዝ ፍሬም የሚባል አለ፣ ኮዱ ሲመዘገብ ሞተሩ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበር ይይዛል። ፍጥነት 0፣ ዙር 720፤ ቆማ ሚኒሞ ላይ ሳለች ማለት ነው። ቀጥሎ የነዳጅ ማስተካከያው፣ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ከአየሩ ጋር ለማመጣጠን ምን ያህል እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ የሚያሳየው፦ ሚኒሞ ላይ ሲደመር 19 በመቶ፣ ዙሩን 2500 ላይ ስይዘው 4 በመቶ። በአየር መለኪያው ሳያልፍ ሾልኮ የሚገባ አየር አለ ማለት ነው። ሚኒሞ ላይ የአየር መግቢያው በር፣ ስሮትሉ፣ ተዘግቶ ሞተሩ በኃይል ስለሚስብ፣ የሚገባው አየርም ትንሽ ስለሆነ፣ የሾለከው ይጎላል። ዙር ሲጨምር በብዛቱ ውስጥ ይዋጣል።

ኮፈኑን ከፈትኩ። አየር ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ላይ፣ ወደ ሁለተኛው ሲሊንደር በሚሄደው ቱቦ ሥር፣ የትንሽ ጣት ጫፍ የምታክል የጎማ ክዳን አለች። ደርቃ ተሰንጥቃለች። በጣቴ ስደፍናት ስስ ፉጨቷ ቆመ፣ ሞተሩም ጸጥ አለ። ጣቴን ሳነሳ፣ መንቀጥቀጥ። እንደ ልጅ ሦስት አራት ጊዜ ደጋገምኩት። ክዳኗን ከቀየርኩ አራት ወር ሊሆነኝ ነው፣ ፒ0302ን አላየሁትም።

አሁን የሚያበግነኝ ምን መሰላችሁ? ኮዱን ባጠፋሁ ቁጥር ፍሪዝ ፍሬሙም አብሮ ይጠፋል፣ ኮምፒውተሩ የለመደው የነዳጅ ማስተካከያም ከዜሮ ይጀምራል። ማስረጃውን በገዛ እጄ ሳጠፋ ነው የከረምኩት! ሻጩ ያሞገሰልኝም ያችኑ ቁልፍ ነበር፤ "በአንድ ንክኪ መብራቱን ድርግም!" መብራቱን መደበቅ ብፈልግማ ፕላስተር እለጥፍበት ነበር።

ብትጠፋብኝ ነገውኑ ሌላ እገዛለሁ፣ ከሌላ ሰው። ያ ምንም ያልነበረበት የድሮ ቦቢና ግን አሁንም ፖርቶ ባጋሊው ውስጥ ይንከባለላል፣ በታጠፍኩ ቁጥር ድምፁን እሰማዋለሁ።